የእትዬ ሚዛን እጅና የወረቀቱ እርሾ

በወረቀት ፋብሪካው ውስጥ እትዬ ሚዛን የማይላት ሰው የለም። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሲሆን የሚያስታውሰውም በወር አንድ ቀን ነው። ሚዛን ያሏት እጇን አይተው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገንዳ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ እየነከረች፣ የራሰውን ሊጥ በጣቶቿ መካከል እያሸች፣ «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ስትል ኖራለች። ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የላትም። ግን ያቺን ቃል እሷ ካላለች የገንዳው በር አይከፈትም። በሩ ካልተከፈተ ሊጡ ወደ ታች አይወርድም፤ ታች ያለው ትልቁ ማሽንም ባዶውን ሲሽከረከር ይውላል።

ሊጥ የሚሉት የዳቦውን አይደለም። ያረጀ ጋዜጣ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የወደቀና ያለፈ ተማሪ የጻፈበት የፈተና ወረቀት፣ ማንም መልስ ያልሰጠው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ሁሉም ከእንጨት ጭረት ጋር ተቀላቅሎ በሙቅ ውሃ ሲፈርስ የሚሆነው ግራጫ ነገር ነው። ገንዳው ሞላላ ነው። በአንድ ጎኑ ባለ ስለት ከበሮ ይሽከረከራል፤ ሊጡ እየዞረ በከበሮው ሥር ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥርም ጭረቱ እየተደቆሰ ይለሰልሳል። በልኩ የተደቆሰ ጭረት እርስ በርሱ ተያይዞ ጠንካራ ወረቀት ይወጣዋል። ከልኩ ያለፈው ደግሞ ይደቅቅና ወረቀቱ ማሽን ላይ ገና ሳይደርቅ ይበጠሳል። እትዬ ሚዛን ልኩን የምታውቀው በጣቷ ነው። ሊጡ መጀመሪያ እንደ ራሰ ጥጥ ይሻክራል። ቆይቶ ቆይቶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ከዞረ በኋላ፣ የሳሙና ውሃ የነካው ያህል ማሟለጭ ይጀምራል። ያኔ ደርሷል።

ይህን ያሳዩዋት ከእሷ በፊት እዚያው የነበሩ አዛውንት ናቸው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ ፋብሪካው የቀጠራት ወለል እንድትወለውል ነበር። አንድ ቀን አዛውንቱ ከነመወልወያዋ ጠሯትና «እጅሽን አምጪ» አሏት። እጇን ይዘው ሊጡ ውስጥ ነከሩት። «ይህን ያዢ። ነገም ይህንኑ ፈልጊ» አሏት። ሥልጠናው ይኸው ነበር። በዓመቱ አዛውንቱ ጡረታ ወጡ፤ ባለ ሦስት እግር ዱካቸው ላይ እሷ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሄዷል። ሁሉም ሲመጡ ኮምፒውተር ይዘው ይመጣሉ፤ ከርመው ግን «ሚዛን ምን አለች?» ማለት ይለምዳሉ። ላቦራቶሪው ውስጥ የሊጥ መለኪያ መሣሪያ ነበር። መስታወቱ ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል። ያሠራው የለም፤ ሚዛን አለች አይደል።

ነገሩ የተለወጠው የመብራት ዋጋ ሲንር ነው። የከበሮው ሞተር የሚበላው መብራት ዋናውን መሥሪያ ቤት እንቅልፍ ነሳው። ሠራተኛው በቁመቱ «ረጅሙ» የሚለው ሥራ አስኪያጅ አንድ ሰኞ ጠዋት የገንዳውን ክፍል ሰዎች ሰበሰበ። ከጎኑ ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት ኬሚስት ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ስድስት ሰማያዊ ጀሪካን ተደርድሯል።

«ኢንዛይም ይባላል» አለች ኬሚስቷ። «ሻጋታን የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚሠሩት ነው። የጭረቱን ላይ ላዩን ይበላዋል። ላዩ ሲላላ ከበሮው ብዙ አይደክምም። ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው በአንድ ሰዓት ከሃያ ያልቃል።»

«ከእርሾ በምን ይለያል?» አላት የታችኛው ማሽን ኃላፊ። ሲሠራ ስለሚያፏጭ ፉጨት ይሉታል፤ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«እርሾ ሕይወት አለው። ይሄ የለውም።»

«ሕይወት ሳይኖረው ይበላል?»

«ይበላል።»

«እንደ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው በይኛ።»

ሰው ሳቀ። ረጅሙ ያልሰማ መሰለ። ኬሚስቷ ቀጠለች፤ «ውሃው አርባ አምስት፣ ቢበዛ ሃምሳ ዲግሪ ይሁን። ስልሳ ካለፈ ይሞታል።»

«ሕይወት የሌለው ነገር ይሞታል?» አለ ፉጨት።

«ይበላሻል ማለቴ ነው» አለች፤ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንዛይም ያለው የለም፤ የመድኃኒቱ ስም እርሾ ሆኖ ቀረ።

ረጅሙ ንግግሩን አሳጠረው። «ሦስት ሳምንት እንሞክረዋለን። ከሠራ፣ ከሁለቱ ገንዳ አንዱ ይበቃናል፤ እሱም በሰዓት ይሠራል። ካልሠራ፣ ጀሪካኑ ወደ መጣበት፣ እኛም ወደ ነበርንበት።» ወደ እትዬ ሚዛን ዞረ። «አንቺም ከዚህ እርጥበት ትገላገያለሽ። መምረጫ አዳራሹ ውስጥ ቦታ አለ። እስከዚያው አሠራራችን ያው ነው፤ ሚዛን ካላለች በር አይከፈትም።»

መምረጫ አዳራሹን ታውቀዋለች። አሥራ ሁለት ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰዓት ቆመው የተቆረጠውን ወረቀት አንድ በአንድ እያነሱ መጥፎውን ከደህናው ይለያሉ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መቀመጫ የለም። የእሷ ግራ ጉልበት ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ለጡረታ አራት ዓመት ቀርቷታል። ጉልበቱን እንኳ በቅባትም በምንም ትችለው ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን «ሚዛን ምን አለች?» የሚል ሰው የለም።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የልጆች ጩኸት ሰምቶ ስለሚገባ እቤት ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ጣውንት መጣችብሽ በይኛ» አላት።

«ጣውንትስ በስንት ጣዕሟ። ተራ ይኖረን ነበር።»

እናቷ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙ። ዓይናቸው እየደከመ ቢሆንም ጆሯቸው የጎረቤቱንም ይሰማል። «ማናት የመጣችው?»

«ማንም አልመጣም፣ እማዬ። መድኃኒት ነው።»

«ለጉልበትሽ?»

«ለወረቀቱ።»

«ወረቀት ደግሞ ምን አሞት?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሙከራው ተጀመረ። ኬሚስቷ የውሃውን ሙቀት ትለካለች፣ ከጀሪካኑ አንድ ጣሳ ትጨምራለች፣ ሰዓቷን ታያለች። አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሞላ «እትዬ፣ እይው እስቲ» ትላለች። እትዬ ሚዛን እጅጌዋን ሰብስባ ትነክራለች፣ ታሻለች። ይሻክራል።

«አልደረሰም፣ ልጄ።»

«ይጨመርለት?»

«ትንሽ ይዙር።»

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ይሻክራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ያው ነው። ማሟለጩ መጣ መጣ ይልና ይጠፋል። በመጨረሻ ከታች ፉጨት በስልክ «ሊጥ አጣን፣ ቂጣ እንጋግር?» ሲል፣ ልቧ ሳያምን «ይሁን፣ ክፈቱት» አለች። ሊጡ ወረደ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የማሽኑ ደወል ጮኸ፤ ወረቀቱ ተበጠሰ። ፉጨትና ሰዎቹ እንደገና አስገቡት። እንደገና ተበጠሰ። በዚያን ቀን ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሆነ።

ኬሚስቷ የራሷን መደምደሚያ ደመደመች። መለኪያው የእትዬ ሚዛን እጅ ነው፤ እጇ አልደረሰም ካለ እርሾው አልሠራም ማለት ነው፤ ካልሠራ አንሷል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጣሳ አደረገችው። ወረቀቱ ባሰበት፤ ሲደርቅ እንደ ቅጠል የሚሰባበር ሆነ። ደንግጣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አንድ ጣሳ ተመለሰች። ምሳዋን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዋን መብላት ጀመረች።

እትዬ ሚዛን አላዘነችም አይባልም፤ ግን ሌሊት ጥሩ ትተኛ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ፈቃድ ወሰደች። እናቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ የምታደርስበት ቀን ነው፤ ቀጠሮውን ያገኙት ከስድስት ወር ደጅ ጥናት በኋላ ነበር። ኬሚስቷም ያን ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት እንድታቀርብ ተጠርታለች። ገንዳው አጠገብ የቀረው ቶሎ ነው። ቶሎ የሁለተኛው ገንዳ ሠራተኛ ነው፤ ይህን ስም ያወጡለት ቶሎ ስለሚሠራ ሳይሆን ቶሎ ስለሚወጣ ነው።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ እናቷ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖ ጣቶቹን አሳያቸው።

«ስንት ናቸው፣ እማማ?»

«ያንተ ናቸው፤ አንተ አታውቃቸውም?»

«ይንገሩኝ።»

«ሦስት።»

«ሁለት ናቸው።»

«መብራታችሁ ደካማ ነው» አሉ እናቷ። «ቤቴ ብትመጣ ደህና አያለሁ። በምሽት እንኳ መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ።» መሰካት ካቃታቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ አልተከራከረም፤ ወረቀት ላይ ጻፈና ለልጃቸው ሰጣት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ይላል፤ ከአምስት ወር በኋላ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ሚዛን ሥራ ስትገባ ፉጨት ደረጃው ሥር አገኛት። ያፏጫል።

«እትዬ፣ ትናንት የት ጠፋሽ? ያልተበጠሰበት ቀን አመለጠሽ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጊዜ አልተበጠሰም ማለት ነው። ሰዎቼ ሥራ ፈተው ዳማ ሲጫወቱ ዋሉ። ማክሰኞ ቀናን።»

«እርሾ ሳይገባበት ነዋ።»

«ገብቶበታል። ቶሎ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ።»

ደረጃውን እየተጎተተች ወጣች። በሩ የተከፈተበት ሰዓት የሚጻፍበትን መዝገብ ገለጠች፤ የማክሰኞ ገጽ ባዶ ነው። ቶሎ ዱካዋ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያያት ተነሳ።

«ትናንት በሩን ስንት ሰዓት ላይ ከፈትከው?»

«ምነው እትዬ፣ ችግር አለ?»

«ልትነግረኝ ነው ወይስ ረጅሙ ይጠይቅህ?»

ቶሎ ግራ ቀኝ አየ። «እትዬ ሙች፣ በእጄ አላየሁትም። ኬሚስቷ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት አንድ ሰዓት ከሃያ ይላል። የስልኬን ደወል ሞላሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሲጮህ መጥቼ ከፈትኩ። ሁሉንም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። አታስበዪኝ።»

«እጅህን አልነከርክም?»

«ነክሬስ ምን ላውቅ ነው?»

ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። የዕለቱን የመጀመሪያ ሊጥ እንደ ወትሮው በእጇ አየችው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ለቀቀችው፤ አራት ጊዜ ተበጠሰ። ሁለተኛው ሊጥ ሲገባ ቶሎን አንድ ነገር አምጣ ብላ ላከችው። ኬሚስቷ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ጀሪካን ትቆጥራለች። እትዬ ሚዛን ብቻዋን ናት። ሰዓቷን አየች፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ሞላ። እጇን ነከረች። ሊጡ ሻካራ ነው፤ ጥሬ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰማው የኖረችው ጣቷ ሁሉ አልደረሰም ይላታል። እጇን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና በሩን ከፈተች።

ታች ወርዳ ከማሽኑ አጠገብ ቆመች። ጉልበቷ እስኪዝል ቆመች። ወረቀቱ እርጥብ ሆኖ ገባ፣ በጋሉት ሲሊንደሮች ላይ ዞረ፣ ደርቆ ወጣ፣ ተጠቀለለ። አልተበጠሰም። ከጥቅሉ ጠርዝ ቁራጭ ወስዳ ቀደደችው፤ ጠንክሮ፣ በረጅሙ፣ ጭረት እየጎተተ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ወረቀት ካየች ሰንብታለች።

ወደ ላይ ስትመለስ ነገሩን በየደረጃው እያሰበች ነው የወጣችው። ይበላል ብላለች ልጅቷ። የሚበላ ነገር ከሁሉ በፊት የሚበላው ልሙን ነው፤ ደቃቁንና አንሸራታቹን። እጇ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ደግሞ እሱኑ ነው። እሷ ማሟለጩን ስትጠብቅ እርሾው ከሥር ከሥሩ ይልሰዋል። ልሙ ሲያልቅበት ወደ ጭረቱ ይዞራል። ስለዚህ አልደረሰም ባለች ቁጥር ወረቀቱን እያስበላችው ነበር። መድኃኒቱ ምንም አልጎደለውም።

መዝገቡ ላይ የዚያን ሊጥ ሰዓት ሳትጽፍ አለፈችው። የዕለቱን ሦስተኛ ሊጥ እንደ ድሮዋ በእጇ ለቀቀች። ተበጠሰ።

ሐሙስም እንዲሁ አደረገች። ሦስት ገንዳ። ለራሷ ያቀረበችው ሰበብ አልነበረም፤ እጇን መንከርና ቃሏን መናገር ብቻ ነው፣ ሥራዋ ነው። የሙከራው ውጤት የሚታይበት የዓርቡ ስብሰባ አንድ ቀን ቀርቶታል። ዝም ካለች ጀሪካኑ ይሄዳል፤ አራት ዓመት ዱካዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ማንም ምንም አያውቅም። ቶሎ ለራሱ ፈርቶ አይተነፍስም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ወረቀቱ በተበጠሰ በሰባተኛው ጊዜ፣ ፉጨት ጫፉን ሲያስገባ እጁ አመለጠውና ሁለት ጣቱን የጋለ ሲሊንደር ላይ አሳረፈ። ጩኸቱ እስከ ላይ ድረስ ተሰማ። ወርዳ አላየችውም።

ዓርብ ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አራት ሆነው ተቀመጡ፤ ረጅሙ፣ ኬሚስቷ፣ ሁለት ጣቱ በፋሻ የተጠቀለለው ፉጨትና እትዬ ሚዛን። ኬሚስቷ የጻፈችውን አነበበች። ረጅም አልነበረም።

«ከኛ ወረቀት ጋር አልተስማማም» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ዓይነት ማዘዝ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሞክረሻል» አለ ረጅሙ። «ማንም አይወቅስሽም። እኛ ደግሞ የምናምነውን እናውቃለን። ይቺ እጅ» አለና ወደ እትዬ ሚዛን ጠቆመ፤ «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ዋሽታ አታውቅም።»

«ዋሽታለች» አለች እትዬ ሚዛን።

መድኃኒቱን ሲሰድቡት ዝም ብላ ነበር። ልጅቷ ጥፋቱ የኔ ነው ስትልም እንዲሁ አልፋው ነበር። እጇን ሲያመሰግኑላት ግን ከበዳት፤ ፋሻውም ከፊቷ ነበር።

ረጅሙ ፈገግ አለ፤ ጨዋታ መስሎታል። «ምን አልሽ?»

«መድኃኒቱ ደህና ነው። በአንድ ሰዓት ከሃያ ሲከፈት አይበጠስም። እኔ ነኝ ያቆየሁት። ማሟለጩን ስጠብቅ ነው፤ ማሟለጩን ደግሞ እሱ ይበላዋል። አይመጣም። እኔ ስጠብቅ ጭረቱን ይበላል።» የማክሰኞውን ነገር የቶሎን ሻይ ትታ ተናገረች። ስለ ረቡዑ ሁለተኛ ሊጥም ነገረቻቸው።

ኬሚስቷ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «መጀመሪያ ደቃቁን ነው የሚበላው» አለች ለራሷ ያህል። «መጽሐፉ ላይ አለ። አንብቤዋለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ ረጅሙ። አሁን ፈገግታው ጠፍቷል።

«ረቡዕ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ነው።»

«ካወቅሽ በኋላ ስንት ገንዳ በእጅሽ ለቀቅሽ?»

«አራት።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ፉጨት ጣቶቹን እያየ ነበር። «የትናንት ከሰዓቱ ከአራቱ አንዱ ነው?»

«አንዱ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እሷ ባለችበት አያፏጭም ነበር።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ደረሳት። «እያወቁ የምርት ብክነትና በሥራ ባልደረባ ላይ የአካል ጉዳት እንዲደርስ በማድረግዎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ይላል። ቆማ አነበበችው፤ ቃሉ ሁሉ ትክክል ነበር። ፈርማ አንዱን ቅጂ ወሰደች። ባሏ ማታ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና አጥፎ ሰጣት።

«ዝም ብትይ ምን ይልሽ ነበር?»

«ምንም።»

«እንግዲህ ምን ተሻለ?»

«ምንም አልተሻለም። እራትህን ብላ።»

ኬሚስቷ በበኩሏ ረጅሙ ጋ ሄዳ ለምና ነበር። የእትዬ እጅ አዲሱን ሊጥ ቢለማመድ በአንድ ወር ይለየዋል፣ ከሰዓትም ይበልጣል አለች። ረጅሙ አንድ ወር ስንት ገንዳ እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ወደ ገንዳው መጥታ ነገሩን ስትነግራት እትዬ ሚዛን «ተይው፣ ልጄ» አለቻት። «ሰዓት አይደክመውም።» ከልቧ ነው የተናገረችው። ጣቷን ድጋሚ ማመን አትችልም ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ጥሬ ነው እያላት ደህና ወረቀት ሲወጣ አይታለች።

ከገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ክብ ሰዓት ተሰቀለ። ሁለተኛው ገንዳ ተዘጋ። የመጀመሪያውን ቶሎ ተረከበ፤ ማስጠንቀቂያም አልደረሰውም፣ እንዲያውም ረጅሙ ትከሻውን መታ አድርጎ «በርታ» ብሎታል። እትዬ ሚዛን አንድ ጠዋት እንድታስረክበው ታዘዘች።

«እሺ እትዬ፣ ምን ልጠብቅ?» አላት ቶሎ።

«ሰዓቱን።»

«ሌላስ?»

«የውሃውን ሙቀት። ጣሳውን ሙሉ እንጂ አታትረፍርፈው። ሌላ የለም።»

ቶሎ ቦታዋን መውሰዱ ቅር አሰኝቶት ይሁን ወይ ሊያስደስታት፣ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን እስከ ክርኑ ነከረና እፍኝ ሊጥ አወጣላት። «እስቲ ይሄ ምን ይላል?»

አየችው እንጂ አልነካችውም። «ምንም አይልም። አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሞላ ክፈተው። ወዲያ ወዲህ አትበል።»

የውሃ ጠርሙሷንና የቤት ጫማዋን በፌስታል ይዛ ደረጃውን ወረደች፤ በማሽኑ ጎን አልፋ ወደ መምረጫ አዳራሹ ገባች። ከዳር ሁለተኛው ቦታ የእሷ ሆነ። የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ሴት አንድ ጊዜ አሳየቻት፤ የተጨማደደ፣ የጎደለ፣ ነጠብጣብ ያለበት ወደ ግራ፣ ደህናው ወደ ቀኝ። ጠረጴዛው ለቁመቷ ትንሽ ከፍ ይላል። በቀኟ ያለችው ሴት ጉልበትሽን ካመመሽ ካርቶን አጥፈሽ ከእግርሽ ሥር አድርጊ፣ ሲሚንቶው ያኔ ይሻላል አለቻት። ካርቶን ፈልጋ አደረገች።

ሥራው ከባድ አይደለም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ግራና ቀኝ ስትለይ ቆየች፤ ማንም ምንም አልጠየቃትም።